ኮምፒዩተርን ከሣጥኑ ያወጡት ሰው

ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ የሚጓዝ ሰው ከተማዋ ከመድረሱ በፊት በጢያ ትክል ድንጋዮች አጠገብ ያልፋል። በ1980 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የሠፈሩት እነዚህ ሐውልቶች 36 ሲሆኑ፣ 32ቱ የሰይፍና የሌላም ነገር ምልክት ተቀርጾባቸዋል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ድንጋዩን ጠርበው ያቆሙት ሰዎች ባዶ የነበረውን መስክ ለአላፊ አግዳሚው የሚናገር ሥፍራ አድርገውት ነበር። ዛሬ ምልክቱ አለ፤ የአብዛኛው ፍች ግን ከፈቺዎቹ ጋር አልፏል።

የዘመናችን መሐንዲስ ይህን ሥፍራ እንደገና ሊያናግረው ይችላል። ጎብኚው የእጅ ስልኩን ወደ አንዱ ድንጋይ ሲያነጣጥር ካሜራው ድንጋዩን ይለያል፤ የአርኪዮሎጂ ሊቃውንት በቁፋሮ ያገኙትንም በምስሉ ላይ ደርቦ ያሳየዋል። በእውኑ ዓለም ላይ ሥዕልና ጽሑፍ የሚደርበው ይህ ጥበብ ኦግሜንትድ ሪያሊቲ ይባላል፤ ስሙ የወጣው በ1990 በቦይንግ ኩባንያ ለአውሮፕላን ሽቦ አቀናባሪ ሠራተኞች መርጃ የሚሆን መሣሪያ ሲታሰብ ነው። የአሠራሩ ዘዴ ዛሬ ለሙያተኛ እንግዳ አይደለም። ከባዱ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ጎብኚው በመጨረሻ ያየው ድንጋዩን ነው ወይስ ስልኩን? የእጅ ስልክ ገና በየኪሱ ሳይገባ ይህንኑ የመሰለ ጥያቄ አንሥተው፣ መልሱን በጨረር፣ በሽቦና በሰሌዳ ሠርተው ለማሳየት የሞከሩት አሜሪካዊው የኮምፒዩተር ሊቅ ማርክ ዋይዘር ናቸው።

ዋይዘር ጁላይ 23 ቀን 1952 በኢሊኖይ ተወለዱ፤ ያደጉት ግን በኒው ዮርክ ግዛት ስቶኒ ብሩክ በተባለው ሥፍራ ነው። ወደ ኮምፒዩተር ሙያ የመጡበት መንገድ ቀጥተኛ አልነበረም። በፍሎሪዳ በሚገኘው ኒው ኮሌጅ ገብተው ፍልስፍና ማጥናት ጀመሩ፤ የትምህርት ክፍያው ቢያቅታቸው አቋርጠው ወጡ። ከዚያም ወደ ሚሺጋን፣ ወደ አን አርበር ከተማ ሄደው ፕሮግራም በመጻፍ ሥራ መተዳደር ያዙ። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ችሎታቸውን አይቶ ተቀበላቸው፤ በ1976 የማስተርስ፣ በ1979 የዶክተርነት ማዕርግ ሰጣቸው። የመጀመሪያ ዲግሪ ግን እስከ ዕለተ ሞታቸው አልነበራቸውም፤ ይህንንም በሕይወት ታሪካቸው ላይ ሳይሸሽጉ ያሠፍሩት ነበር። የምስክር ወረቀትን አጥብቆ በሚቆጥር ሙያ ውስጥ ይህ ሳይወሳ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

ለዶክተርነት ያቀረቡት ጥናት ስለ ሰዎች አስተሳሰብም ስለ ማሽንም ነበር። አንድ ፕሮግራም ስሕተት ሲያሳይ፣ ልምድ ያለው ባለሙያ ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው በተራ አያነብም። የተሳሳተውን ቁጥር ይይዝና፣ ያን ቁጥር ሊለውጡ የሚችሉትን መስመሮች ብቻ እየመረጠ ወደ ኋላ ይሄዳል። የቀረው ሁሉ ለጊዜው ከአእምሮው ይርቃል። ዋይዘር ሰዎች በእርግጥ እንዲህ እንደሚያደርጉ በሙከራ አሳዩ፤ ቀጥለውም ኮምፒዩተር ራሱ ይህን ምርጫ እንዲያደርግ የሚያስችል ዘዴ አወጡለት። ፕሮግራም ስላይሲንግ ተብሎ የሚጠራው ይህ ዘዴ እስከ ዛሬ ድረስ የሶፍትዌር ምርምር አንዱ ዘርፍ ነው። ሌላ ምንም ሳይሠሩ ቢቀሩ እንኳ ስማቸውን ለማቆየት ይበቃ ነበር። ኋላ ላይ ለገነነው ሐሳባቸውም ሥሩ እዚህ ሳይሆን አይቀርም፤ ይኸውም ለጊዜው የማያስፈልገው ነገር ከዓይን ይራቅ፣ ነገር ግን አይጥፋ የሚለው ነው።

ከ1979 እስከ 1987 በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። በ1987 ወደ ካሊፎርንያ ተሻግረው የዜሮክስ ኩባንያ በፓሎ አልቶ ባቋቋመው የምርምር ማዕከል ተቀጠሩ፤ በማግሥቱ ዓመትም የኮምፒዩተር ሳይንስ ቤተ ሙከራው ኀላፊ ሆኑ። ይህ ማዕከል ተራ ቤት አልነበረም። ለአንድ ሰው የሚበቃ፣ በመስኮትና በማውስ የሚሠራ ኮምፒዩተር በ1970ዎቹ ዓመታት የተበጀው በዚያ ነው፤ ኢተርኔት የተባለው የመረብ ገመድና የሌዘር ማተሚያም የዚያው ቤት ልጆች ናቸው። እንግዲህ ዋይዘር የግል ኮምፒዩተርን ባሳደገው ቤት ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ የግል ኮምፒዩተር የተሳሳተ አቅጣጫ ነው ወደሚል ድምዳሜ ደረሱ። በእርሳቸው አስተያየት ጥፋቱ የፍጥነት ወይም የዋጋ አልነበረም። ሣጥኑ ሰውን ወደ ራሱ ይጠራል፤ ጠርቶም ከጎረቤቱ፣ ከጠረጴዛውና ከሥራው ነጥሎ በአንድ መስተዋት ፊት ያስቀምጠዋል።

በዚህ ድምዳሜ ላይ ብቻቸውን አልደረሱም። በማዕከሉ ውስጥ በሉሲ ሱችማን የሚመራ የአንትሮፖሎጂ ባለሙያዎች ቡድን ነበረ፤ እነርሱም ሰዎች በመሥሪያ ቤት ውስጥ በእርግጥ ምን እንደሚያደርጉ ቁጭ ብለው ይመለከቱ ነበር። ያገኙት ነገር መሐንዲሶቹ በወረቀት ላይ ካቀዱት ጋር አይገጥምም። ሥራ የሚሠራው በንግግር፣ በመጠቋቆም፣ በመተላለፊያ ላይ ቆሞ በመጠያየቅ ነው። በሌላ በኩል የማዕከሉ የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያዎች ግድግዳ የሚያህል ማሳያ ለመሥራት አቅደው ነበር። ከእነዚህ ሁለት ምንጮች በ1988 ዩቢኩዊተስ ኮምፒዩቲንግ፣ በአማርኛ ቢባል በየሥፍራው የሚገኝ ኮምፒዩተር፣ የተባለው የምርምር ፕሮግራም ተወለደ።

ሐሳቡን ለማስረዳት ዋይዘር የኤሌክትሪክ ሞተርን ታሪክ ይጠቅሱ ነበር። በጥንት ፋብሪካ አንድ ትልቅ ሞተር ይተከልና ኀይሉ በዘንግና በቺንጋ ለመሣሪያው ሁሉ ይከፋፈላል። የወልቂጤን ወይም የቡታጅራን ወፍጮ ቤት ለሚያውቅ ይህ እንግዳ ሥዕል አይደለም፤ ሞተሩ የቤቱ ጌታ ነው፤ ድምፁም ከሩቅ ይሰማል። ኋላ ግን ሞተር እያነሰና እየረከሰ በየመሣሪያው ውስጥ ገባ። በአንድ መኪና ውስጥ ከ20 የማያንሱ ሞተሮች ይገኛሉ፤ የመስተዋት መጥረጊያውን የሚያንቀሳቅስ ሾፌር ግን ስለ ሞተር አያስብም፤ የሚያስበው ስለ ዝናቡ ነው። ጽሕፈትም እንዲሁ ነው። የመንገድ ምልክትን ያየ ሰው ማንበቡን ሳያውቅ አንብቦ ያልፋል። ኮምፒዩተርም ወደዚህ ደረጃ ሊደርስ ይገባዋል የሚለውን እምነታቸውን ዋይዘር በሴፕቴምበር 1991 ሳይንቲፊክ አሜሪካን በተባለው መጽሔት በሰፊው ገለጹ። ጽሑፉ ከኢንጂኔሪንግ ይልቅ ከፍልስፍና ጋር የቀረበ ነው፤ የሃይዴገርና የፖላኒ ስም ይነሣበታል። በፍሎሪዳ ተቋርጦ የቀረው ትምህርት ከንቱ አልሆነም።

ሐሳቡ በወረቀት ብቻ አልቀረም። የማዕከሉ ሠራተኞች በሦስት መጠን የተከፈሉ መሣሪያዎችን ሠሩ። ታብ የሚባለው በመዳፍ የሚያዝ፣ ፓድ የሚባለው የወረቀት ያህል ስፋት ያለው፣ ቦርድ የሚባለው ደግሞ የመማሪያ ክፍል ሰሌዳ የሚያህል ነበር። ዋይዘር ባሰቡት ክፍል ውስጥ መቶ ያህል ታቦች፣ ከ10 እስከ 20 ፓዶች፣ አንድ ወይም ሁለት ቦርዶች ይኖራሉ። ቁጥሩ መብዛቱ ዋነኛው ነጥብ ነው። ፓድ የማንም የግል ንብረት አይደለም፤ እንደ ቁራጭ ወረቀት ካገኙበት አንሥተው ይጽፉበትና እዚያው ይተዉታል። የዛሬው ታብሌት መልኩን ከፓድ ወስዷል ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ጠባዩን ግን አልወሰደም።

ታቡ ከመረቡ ጋር የሚገናኘው በኢንፍራሬድ ጨረር ነበር። በእያንዳንዱ ክፍል ጣሪያ ላይ ተቀባይና አስተላላፊ መሣሪያ ተሰቅሏል፤ ጨረሩ ግድግዳ ስለማያልፍ አንዱ ክፍል ራሱን የቻለ ክልል ይሆናል፤ ስለዚህም ታቡ በየትኛው ክፍል እንዳለ ሥርዓቱ ያውቃል። ለዚህ ሥራ ትልቅ ድርሻ ያበረከቱት ሮይ ዋንት ቀደም ሲል በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ከተማ፣ በኦሊቬቲ የምርምር ቤት፣ በደረት ላይ የሚለጠፍ ባጅ ሠርተው ነበር። ባጁ በየ15 ሴኮንዱ የባለቤቱን መለያ በጨረር ይልካል። በዚህ ዘዴ በር ለተፈቀደለት ሰው ይከፈታል፤ የተደወለ ስልክ ተፈላጊው ወዳለበት ክፍል ይሻገራል፤ በ1993 በታተመው የፓሎ አልቶ ጥናትም ክፍሉ ሰው መኖር አለመኖሩን እያወቀ መብራቱንና ሙቀቱን ያስተካክላል። የዕቃዎች ኢንተርኔት የሚለው ስም ገና አልወጣም ነበር፤ ነገሩ ግን በአንድ ሕንፃ ውስጥ ይሠራ ነበር።

ዋይዘር ከሌሎች የዘመናቸው ሊቃውንት የሚለዩት ከዚህ በኋላ ባነሡት ጉዳይ ነው። ሁሉም ዕቃ ሲናገር የሚሰማው ማን ነው? መቶ መሣሪያ በአንድ ክፍል ውስጥ ቢጮህ ኑሮ አይደለም። በ1995 ከጆን ሲሊ ብራውን ጋር ሆነው እርጋታ ያለው ቴክኖሎጂ የሚለውን ሐሳብ አቀረቡ። ሰው ትኩረቱን የሚጥልበት ማዕከል አለው፤ በማዕከሉ ዙሪያ ደግሞ ሳያተኩርበት የሚያውቀው ዳርቻ አለ። ጥሩ መሣሪያ በዳርቻው ይኖራል፤ ሲያስፈልግ ወደ ማዕከል ይመጣል፤ ጉዳዩ ሲያበቃ ይመለሳል።

ይህን አነጋገር ረቂቅ ነው የሚል ሰው የጉራጌን ጀፎረ ያስታውስ። በሁለት ወገን በተሰለፉት ጎጆዎች መካከል የሚዘረጋው ያ ሰፊ የሣር ሜዳ፣ መንገድም፣ የከብት መዋያም፣ የሠርግና የለቅሶ አደባባይም ነው። ከጎጆዋ ደጃፍ ቁጭ ብላ ቆጮ የምታዘጋጅ ሴት ዓይኗ ከእጇ ሥራ ላይ ነው። ቢሆንም ማን እንደ ወጣ፣ የማን ከብት እንደ ዘገየ፣ ከየትኛው ደጅ ሰው እንደ ተሰበሰበ ታውቃለች። ማንም አልነገራትም፤ ሥፍራው ነገራት። የመንደሩ ሰው ጀፎረን በባህላዊ ሕግ አጥብቆ የጠበቀው፣ ከሜዳው ቆርሶ ማጠርንም የከለከለው ያለ ምክንያት አይደለም። ዋይዘር ስለ ጉራጌ ምድር የሚያውቁት ነገር ስለ መኖሩ ምልክት የለም፤ በፓሎ አልቶ ሕንፃ ውስጥ በመሣሪያ ሊያገኙት የደከሙለት ነገር ግን ይኸው ነበር።

ለሐሳቡ ምሳሌ አድርገው የሚጠቅሱት ሥራ ናታሊ ጀረሚጄንኮ የተባሉ የሥነ ጥበብ ሰው በማዕከሉ የሠሩት ነው። ከጣሪያ ላይ አንድ ትንሽ ሞተር ተሰቅሎ ከሞተሩ ከሁለት ሜትር የሚበልጥ ቀጭን የፕላስቲክ ገመድ ይንጠለጠላል። ሞተሩ ከኢተርኔት መስመር ጋር ተያይዟል፤ በመስመሩ መልእክት ባለፈ ቁጥር በጥቂቱ ይነቃነቃል። መረቡ ሥራ ሲበዛበት ገመዱ እየተሽከረከረ ያፏጫል፤ ሲያርፍ አልፎ አልፎ ብቻ ይወዛወዛል። በመተላለፊያው የሚያልፍ ሰው ሳይቆምና ሳያነብ የመረቡን ሁኔታ ያውቃል። ማሳያ የለውም፤ ቁልፍም የለውም። ከዚህ የበለጠ ርካሽ የመረብ መቆጣጠሪያ ምናልባት አልተሠራም።

በዚያው ዘመን ቨርችዋል ሪያሊቲ የተባለው ጥበብ በጋዜጣው ሁሉ ይወደስ ነበር። ዋይዘር ይህን አልወደዱትም። መነጽሩን ያጠለቀ ሰው የኖረበትን ዓለም ትቶ ወደ ኮምፒዩተሩ ውስጥ ይገባል፤ የእርሳቸው ዓላማ ደግሞ ኮምፒዩተሩ ወጥቶ ሰው ወዳለበት እንዲመጣ ነው። ኦግሜንትድ ሪያሊቲ ከሁለቱ ወገን የትኛው እንደ ሆነ አከራካሪ ነው። በካምብሪጅ በሚገኘው የዜሮክስ ቅርንጫፍ ፒየር ዌልነር የሠሩት ጠረጴዛ በዋይዘር ወገን የሚቆም ነው፤ ከበላዩ ካሜራና ፕሮጀክተር ተሰቅለው ተራው ወረቀት በጣት ሲነካ መልስ ይሰጥ ነበር። ዓይንን የሚከድነው መነጽር ግን ከወዲያኛው ማዶ ነው። በጢያ ድንጋይ ፊት የሚነሣው ስልክ ከየት እንደሚመደብ የሚወስነው የሠሪው አሳብ ነው፤ ጎብኚው ሁለት መስመር አይቶ ስልኩን ወደ ኪሱ እንዲመልስና ቅርጹን በዓይኑ እንዲከተል ሆኖ ሊሠራ ይችላል፤ ተቃራኒውም ይቻላል፤ ቀላሉም ተቃራኒው ነው።

ከሁሉ የከበደው ግን የምስጢር ጉዳይ ነበር። ክፍሉ ማን እንደ ገባ ካወቀ ሌላም ሊያውቅ ነው። ባጁን በደረታቸው ማድረግ ያልፈለጉ ሰዎች ነበሩ፤ ጋዜጦችም ነገሩን ከሰላይነት ጋር አያያዙት። ዋይዘር ትችቱን እንደ አላዋቂ ጩኸት አላጣጣሉትም። እንዲያውም በ1991ዱ ጽሑፋቸው፣ በየክፍሉ የሚገኙ ሰውን የሚለዩ መሣሪያዎች በክፉ መንግሥት እጅ ቢወድቁ ያለፈው ዘመን አምባገነንነት ከዚያ ጋር ሲነጻጸር ልቅነት እስኪመስል ድረስ ሊያስመርሩ እንደሚችሉ ራሳቸው አስጠንቅቀዋል። መፍትሔ ይሆናል ያሉት መልእክትን በምስጢር ቁጥር መሸፈንና ጥንቃቄውን ከመሠረቱ ጀምሮ በሥርዓቱ ውስጥ መገንባት ነው። መልሳቸው ግማሽ መልስ ነው ማለት ይቻላል፤ ምክንያቱም ቁልፉን የሚይዘው ማን ነው የሚለውን ሒሳብ ብቻውን አይፈታውም።

ጉዳዩ ለቡታጅራ ሩቅ አይደለም። በ1980ዎቹ አጋማሽ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ጋር በቡታጅራ አካባቢ የጤና ጥናት ሲያቋቁም፣ መዝጋቢዎች ከቤት ቤት በእግር እየዞሩ የተወለደውን፣ የሞተውንና መኖሪያ የለወጠውን ይጽፉ ነበር። ብዙ ዶክተሮች የተማሩበት መዝገብ ሆነ። በዚያ ሥራ ጠያቂው በደጃፍ ቆሞ ይታያል፤ ባለቤቱም ማን እንደ ጠየቀው ያውቃል፤ እምቢ ለማለትም ፊት ለፊቱ ሰው አለ። በግድግዳ ውስጥ የተደበቀ መሣሪያ ይህን ሁሉ ያስቀራል። የማይታይ መሆን፣ የዋይዘር ትልቁ ምኞት፣ የሥራቸው ትልቁ አደጋም ሆነ።

ሰውየው ግን ጨለምተኛ አልነበሩም። ሲቪር ታየር ዳሜጅ በሚባል፣ የምርምር ባልደረቦች ባቋቋሙት የሮክ ባንድ ውስጥ ከበሮ ይመቱ ነበር። ባንዱ ጁን 24 ቀን 1993 ሲጫወት ድምፁና ምስሉ በኢንተርኔት በቀጥታ ተሰራጭቶ እስከ አውስትራልያ ታየ፤ በዚህ መንገድ የተላለፈ የመጀመሪያው ባንድ መሆኑ ይነገርለታል። በሚቀጥለው ዓመት ሮሊንግ ስቶንስ በዚያው መረብ ሊያስተላልፉ ሲዘጋጁ፣ እነዋይዘር ሳይጠሩ ቀድመው ገብተው ተጫወቱ። በሙዚቃው ጥራት ላይ ብዙ የተነገረ የለም።

በ1996 ዋይዘር የማዕከሉ የቴክኖሎጂ ዋና ኀላፊ ሆነው ተሾሙ። ይሁን እንጂ የሠሯቸው መሣሪያዎች በገበያ አልቀናቸውም። ዜሮክስ ሰሌዳውን የሚሸጥ ላይቭወርክስ የተባለ ኩባንያ አቋቁሞ ነበር፤ አልዘለቀም። ታቡና ፓዱም ከቤተ ሙከራው ሕንፃ ብዙ አልራቁም። ዘዴው በሕንፃው ጣሪያ ላይ የተመሠረተ ነበርና ጣሪያውን ጥሎ የሚወጣ መሣሪያ ምንም አያውቅም። ይህ ድክመት በፓሎ አልቶ ብዙ አያስጨንቅ ይሆናል። መብራት ሄዶ በሚመጣበት ከተማ ግን በባጅ ብቻ የሚከፈት በር ምን ማለት እንደ ሆነ ለወልቂጤ ሙያተኛ ማስረዳት አያስፈልግም። ከ2012 ወዲህ በሚያስተምረው በወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ የሚወጡ ወጣት ባለሙያዎች አንድን ጤና ጣቢያ ወይም የመኪና መናኸሪያ በመሣሪያ ለማናገር ቢነሡ፣ መሣሪያው በጠፋ ጊዜም በሩ በር፣ ሰሌዳውም በጠመኔ የሚጻፍበት ሰሌዳ ሆኖ እንዲቀር አድርገው ማሰብ ይኖርባቸዋል።

በ1999 መጀመሪያ ወራት ሐኪሞች በዋይዘር ላይ ካንሰር አገኙ። የቀራቸው ዕድሜ አንድ ዓመት ተኩል ያህል እንደሚሆን ተገምቶ ነበር፤ የኖሩት ስድስት ሳምንት ነው። ኤፕሪል 27 ቀን 1999 በ46 ዓመታቸው ዐረፉ። የዕቃዎች ኢንተርኔት የሚለው ስያሜ የወጣው በዚያው ዓመት ነው። በ2001 የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ማኅበር የኦፐሬቲንግ ሲስተም ክፍል በስማቸው ዓመታዊ ሽልማት አቋቋመ። ስድስት ዓመት ቆይቶ በ2007 የወጣው አይፎን ታቡን፣ ካርታውንና ካሜራውን በአንድ መስተዋት ውስጥ አጠቃልሎ በእያንዳንዱ ሰው መዳፍ ላይ አስቀመጠ።